በመስቀለኛው ላይ የጠፋው ሰከንድ

እህቴ መኪና መንዳት ያቆመችው እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በነበረበት ቀን ነው።

ኅዳር ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ ይጥላል። ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር፣ ከምንኖርበት ሕንጻ ሦስት የትራፊክ መብራት አልፎ ያለው ትልቁ መስቀለኛ ላይ ደርሰን፣ ወደ ግራ ልትታጠፍ ፍሬቻ አብርታ ቆማለች። እዚያ መስቀለኛ ላይ የግራ ቀስት መብራት የለም። አረንጓዴ ሲበራ እስከ መሀል ተገብቶ ከፊት የሚመጡት እስኪያልፉ ይጠበቃል፤ ክፍተት ሲገኝ ይታጠፋል። እሷ መጠበቅ አይሰለቻትም። ከኋላችን ያለው ሹፌር ግን ሰልችቶት ክላክሱን ሁለቴ አስጮኸው። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። ቀና ብዬ አንዴ ወደ ፊት አየሁና፣

«ሂጂ እትዬ፣ ነጻ ነው» አልኳት።

ሄደች። ነጻ አልነበረም።

ግራጫ ፒክአፕ መጥቶ ከኔ በር ፊት ያለውን ጎማ መታው። መኪናችን ዞረ። መሪውን ስታዞር የተሻገረ እጇን ኤርባጉ መታውና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። እኔ የደረት ቀበቶው ካሰመረብኝ ሰንበር ሌላ ምንም አልሆንኩም። የፒክአፑ ሹፌርም በእግሩ ወርዶ ስልክ ሲደውል አየሁት። ፖሊሱ መጥቶ ሲጠይቃት፣ እጇን በሌላ እጇ ይዛ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አላየሁትም» አለችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ሂጂ» ያልኳትን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

እትዬ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። ስፖንሰር አድርጋ ከአገር ቤት ያመጣችኝ እሷ ናት፤ የምንኖረውም አብረን ነው። ሥራዋ ቤታቸው ያሉ አዛውንቶችን እየዞሩ መንከባከብ ነው፤ ጠዋት ኢቶቢኮ የተባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት ታጥባለች፣ ቀትር ላይ ሌላ ቦታ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ማታ ሌላ ጋ ራት ታበላለች። ያለ መኪና የማይሠራ ሥራ ነው። አንጓዋ ገና ሳይጠግግ መኪናው ተጠግኖ መጣ። ከሕንጻችን ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ አቧራ ለበሰ። የካቲት ላይ ሐኪሙ «እጅሽ ድኗል» አላት። እሷ ግን በአውቶቡስ መሄዷን ቀጠለች። ከምትንከባከባቸው ስድስት አዛውንቶች ሦስቱን ለሌላ ሠራተኛ አስረከበች። ቁልፉን ከተሰቀለበት አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከትታዋለች።

የምትሄድባት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ቀስ በቀስ እንድትለምደው መከረቻት። መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ቀጥሎ መንገዱን ዓይን ላይ በሚታሰር የቪአር ቪዲዮ መነጽር ማየት፣ ከዚያ ሌላ ሰው እየነዳ መሄድ፣ መጨረሻ ላይ ራሷ መንዳት። ክሊኒኩ ውስጥ መነጽር አድርገውላት የተዘጋጀ ቪዲዮ አሳዩዋት። ማታ እራት ስንበላ እንዴት ነበር አልኳት።

«ዘንባባ ነው ያለው። ሰፊ መንገድ፣ ፀሐይ፣ ዳር ዳር ዘንባባ። እኔ ዘንባባ አልፈራም።»

«እኔ የኛን መንገድ እቀርጽልሻለሁ» አልኳት ሳላስብ።

ዙሪያውን የምትቀርጽ ካሜራ ነበረችኝ፤ አንድ ዓይን ከፊት አንድ ዓይን ከኋላ ያላት፣ የእጅ ጣት የምታህል። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ መነጽሩን ጭምር ነው የገዛኋት። በጋ ላይ ሐይቁ ዳር፣ መኸር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ቀርጬባታለሁ። መነጽሩን አድርገህ አንገትህን ስታዞር ዙሪያህን ታያለህ፤ እዚያው የቆምክ ይመስልሃል። እነዚያ ቪዲዮዎችም ይቆራረጡ ነበር። ግን ቅጠል ቢቆራረጥ ማን ደንታ አለው።

የሚነዳልን ሰው ጠየቅን። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እትዬም እኔም አንቱ ነው የምንላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው እሺ አሉ። ካሜራዋን በዘንግ አድርጌ መኪናቸው ውስጥ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል፣ በሹፌር ዓይን ቁመት አሰርኩላቸው። ስልኬ ውስጥ የነበረ አሮጌ ሜሞሪ ካርድ አውጥቼ ከተትኩባት። አብሬያቸው እንድሄድ ሲጠይቁኝ «ሺፍት አለብኝ» አልኳቸው። አልነበረብኝም። የዚያን ቀን ኤርፖርት አካባቢ ወደምሠራበት መጋዘን አልሄድኩም፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ያልቆሸሸ አንሶላ አጠብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ መሀል የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አቆምኩ። እትዬ ተቀመጠች። መነጽሩን አጥልቄላት ማሰሪያውን ከኋላ አጠበቅኩላት። ቪዲዮው ላፕቶፔ ላይ ነው ያለው፤ በዋይፋይ ወደ መነጽሩ ይሄዳል። እሷ የምታየውን እኔ ላፕቶፑ ላይ አያለሁ።

«ጋሼ ጆሯቸው ትልቅ ነው» አለች ወደ ግራ ዞራ። ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ መኪናን በሚመለከት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው መብራት ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ምስሉ አንዴ ቆመና ቀጠለ። «ይሄ ምንድነው?» አለች። «ዋይፋዩ ነው፣ ቀጥዪ» አልኳት። ሦስተኛውን አለፉ። ጋሼ ፍሬቻ አብርተው ወደ መስቀለኛው መሀል ገቡ። ከፊት ነጭ ቫን ይመጣል፤ ገና ሩቅ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው። እትዬ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። ምስሉ ቆመ። ሰከንድ ልቆጥር ስጀምር ተለቀቀ፤ ቫኑ አፍንጫችን ላይ ነበር።

ጮኸች። መነጽሩን ከነጸጉሯ መንጭቃ ወረወረችው፤ ተነስታ ስትሸሽ ክርኗ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። ወንበሩ ወደቀ። ግድግዳው ጋ ደርሳ ቆመች፤ የተሰበረውን እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ትተነፍሳለች። ልጠጋት ስል መዳፏን ዘርግታ አቆመችኝ።

«ቪዲዮው ነው እኮ እትዬ፤ ተቆርጦ ነው፤ እውነቱ እንደዚያ አይደለም» አልኳት።

«እንዲህ ነው የመጣው።»

«ምኑ?»

«ፒክአፑ። ሩቅ ነበር። ከዚያ አልነበረም። ከዚያ እዚህ ነበር።» አፍንጫዋን አሳየችኝ። «ሐኪሟ አእምሮሽ ነው ትለኛለች። አየሽ? መንገዱ እንደዚህ ነው።»

እኔ ልረዳት ብዬ የፈራችውን ነገር ማስረጃ ሠርቼ ሰጠኋት። ዳግም መነጽር እንደማታደርግ ነገረችኝ። አንድ ሳምንት ስጪኝ አልኳት። እምቢ አላለችም።

በዚያ ሳምንት ከሥራ በፊት ያለኝን ሰዓት ሁሉ ያን ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። መጀመሪያ ዋይፋዩን ከነገሩ አወጣሁት። ሕንጻችን ውስጥ ሁለት መቶ ቤት አለ፤ የሁሉም ዋይፋይ በአንድ አየር ላይ ይሻማል። ፋይሉን በገመድ መነጽሩ ውስጥ ገለበጥኩት። ያለ ገመድና ያለ ዋይፋይ ከራሱ ሆድ እንዲጫወት አደረግኩ። መቆራረጡ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ደግሞም አሥር ደቂቃ ሲሞላው መነጽሩ ይግልና እንደገና መንተባተብ ይጀምራል። ጀርባውን በእጄ ስነካው ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይፈጃል።

ቀጥሎ የገባኝ ፋይሉ ራሱ ከባድ መሆኑ ነው። ኤክስፖርት ሳደርግ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ሳወጣ፣ ከፍተኛውን ጥራት መርጬ ነበር፤ ለእህቴ ነውና ምርጡ ይገባታል ብዬ። ዙሪያውን የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ ከተራ ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ከጀርባ ያለውን ሰማይና የኋላ ወንበሩን ሁሉ ይዞ ይመጣል። መነጽሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ቺፕ ያን ሁሉ በሰከንድ ውስጥ መፍታት አቃተው፤ ሲያቅተው ይዘላል። ጥራቱን ግማሽ በግማሽ ቀነስኩ። መዝለሉን ተወው። ደስ ብሎኝ እትዬን ለመንኳት፤ እሮብ ከሥራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አየችው፣ ሁለተኛው መብራት ድረስ ብቻ። ከዚያ አወለቀችው።

«ውሃ ውስጥ ነው የሚመስለው። የሚመጣው መኪና ፍሬቻ አብርቷል አላበራም አላውቅም። በዚህ ነው ታጠፊ የምትዪኝ?»

ልክ ነበረች። ጥርት ካለ ይዘላል፤ ካልዘለለ ይደበዝዛል። በዚህ በሁለቱ መሀል ሦስት ቀን ተንከራተትኩ። ጥራቱን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ። መነጽሩ በቀላሉ የሚፈታውን ሌላ ዓይነት የፋይል አጨማመቅ አገኘሁና ጥራቱን ሳይነካ ክብደቱን አወረደልኝ። ከዚያም ሌላ ነገር ደረስኩበት። ቪዲዮ ማለት ተከታትለው የሚገለበጡ ፎቶዎች ናቸው፤ የኔው በሰከንድ ሠላሳ ነው። መነጽሩ ደግሞ ስክሪኑን በሰከንድ ሰባ ሁለት ጊዜ ያድሳል። ሰባ ሁለት ለሠላሳ እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ፎቶ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ዓይን ባያውቀውም ሆድ ያውቀዋል፣ ያቅለሸልሻል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ዘጠና ላይ አደረግኩት። መንገዱ እንደ ዘይት ፈሰሰ።

አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር። መስቀለኛው መሀል ላይ ቫኑ አሁንም ይዘላል።

ደጋግሜ አየሁት። መነጽሩን አቀዝቅዤ አየሁት፣ አጥፍቼ አብርቼ አየሁት። ሌላው ቦታ ሁሉ ደህና ነው፤ እዚያ ስደርስ ዘለለ። እያንዳንዱን ዙር ሳይ መሀሉ ላይ አፌ ውስጥ «ሂጂ» የሚለው ቃል አለ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ነው የነቃሁት፤ ጥፋቱ የመነጽሩ ቢሆን ኖሮ መዝለሉ ቦታ ይቀያይር ነበር። ይሄ ሁልጊዜ በአንድ ሰከንድ ላይ ነው። ዋናውን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ከፍቼ ፎቶ በፎቶ ገለጥኩት። ቫኑ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው። ቀጣዩን ስገልጥ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ነው። በመሀሉ ምንም የለም። ሠላሳ ፎቶ፣ አንድ ሙሉ ሰከንድ ያህል፣ የለም።

አሮጌው ሜሞሪ ካርድ ነው። ካሜራዋ የምታየውን ሁሉ ታፈስለታለች፤ እሱ ቀርፋፋ ነው፤ መዋጥ ሲያቅተው ይጥላል። የጣለውም ያችኑ ሰከንድ ነው። ያልተቀረጸ ነገር ደግሞ አይጠገንም።

አዲስና ፈጣን ካርድ ይዤ ወደ ጋሼ ቤት ወጣሁ። በሩን ከፍተው አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነዳለሁ። ግን ያቺን ካሜራ ከእንግዲህ ብቻዬን አልነካትም። መብራቷ ብልጭ ስትል፣ ስትጠፋ፣ እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ማን ያይልኛል? አንቺ ነይ።»

«ሺፍት...» ብዬ ጀመርኩ።

«የምንሄደው እሑድ ነው ልጄ» አሉኝ።

እሑድ ቀትር ላይ ሄድን። መጋቢት ነበር፤ ከመንገዱ ዳር የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ ይቀልጣል። የፊት ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም፤ ካሜራዋ እንዳትጋረድ ነው አልኳቸው። ከኋላ መሀል ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ የካሜራዋን ምስል እከታተላለሁ። ቀይዋ መብራት በየሰከንዱ ብልጭ ትላለች። አንደኛው መብራት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጋሼ ፍሬቻ አበሩ፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። እስከ መሀል ገብተው ቆሙ።

አንድ ሁለት ሦስት መኪና አለፈ። የመኪናው ጎርፍ ቆም አለ። ክፍተት የመሰለ ነገር መጣ፤ ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ አደረገ። ራቅ ብሎ አንድ ፒክአፕ አየሁ። ግራጫ አልነበረም፣ ጥቁር ነው። ግን የጋሼ ትከሻ ትንሽ ወደ ፊት ሲል አየሁና ሳላውቀው ጮህኩ።

«አይሂዱ!»

«አልሄድኩም» አሉ በረጋ ድምፅ። እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ትከሻቸው የተንቀሳቀሰው መስታወቱን ለማየት ነው። ፒክአፑ አለፈ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ከፊት ያሉት ቆሙ፤ ጋሼ ቀስ ብለው ታጠፉ።

ወደ መጀመሪያው ፓርኪንግ ገብተው ሞተሩን አጠፉ። ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ። ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኳቸው። ስልኬን እያየሁ እንደነበር፣ አንዴ ብቻ ቀና ማለቴን፣ ያልኩትን፣ ለፖሊሱ ዝም ማለቴን፣ ከዚያም ወዲህ ዝም ማለቴን። ሳልቆም ነው የነገርኳቸው። ጨርሼ ያጽናኑኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«መሪው በማን እጅ ነበር?»

«በሷ።»

«እንግዲያው ለመታጠፉ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዳሁ፤ ሂድ ያላለኝ ተሳፋሪ የለም። በተሳፋሪ ቃል አይታጠፍም። ይህን እሷም ታውቃለች።» ወደ መሪያቸው ዞሩ። «ዝምታው ግን ያንቺ ነው። እሱን ለሷ እንጂ ለኔ አትንገሪኝ።»

ሞተሩን አስነሱ። ያኔ ነው ቀና ስል ካሜራዋ አሁንም ብልጭ እያለች መሆኗን ያየሁት።

ቤት ገብቼ ፋይሉን ፎቶ በፎቶ መረመርኩት። አንድም አልጎደለም። ጥቁሩ ፒክአፕ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀምሮ እኛን እስኪያልፍ ድረስ ሳይዘል ይመጣል። የፓርኪንጉን ወሬ ከመጨረሻው ቆረጥኩት። መሀል ላይ ያለውን ጩኸቴን ብቻ ባጠፋው ግን መንገዱ ድንገት ዝም ሲል ይታወቅብኛል። ድምፁን በሙሉ አጠፋሁትና ኤክስፖርት አደረግኩ።

እትዬ ማክሰኞ ዕረፍቷ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ፀሐይ ገብቷል። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ፊቷ ጥርስ ሊነቀል የመጣ ሰው ፊት ነበር።

«ከዘለለ አወልቀዋለሁ።»

«አይዘልም።»

ቪዲዮው ጀመረ። አንገቷ ግራና ቀኝ ሲሄድ አያለሁ፤ መስታወቱን ታያለች፣ እግረኛውን ታያለች። መስቀለኛው ጋ ሲደርሱ እጆቿ ጉልበቷን ጨበጡ። ፒክአፑ መጣ፣ ቀረበ፣ አለፈ። አንገቷ አብሮት ዞረ፤ እስኪያልፍ ድረስ ተከተለችው። ጋሼ ታጠፉ። ቪዲዮው አለቀ። መነጽሩን ግንባሯ ላይ ሰቀለችው።

«ሙሉውን አየሁት» አለች፤ የተገረመች ትመስላለች። «ሲመጣ አየሁት። ሙሉውን።»

ላቅፋት ስል ፊቷ ተለወጠ።

«ድምፁስ?»

«እ?»

«የፊተኛው ድምፅ ነበረው። ይሄ የለውም። ድምፅ ከሌለው መንገድ አይደለም።»

«ቆርጬው ነው።»

«ለምን?»

ማይኩ ተበላሸ ማለት እችል ነበር። «ስለጮህኩ» አልኳት።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ? ምን ብለሽ ጮህሽ?»

«አይሂዱ ብዬ።»

መነጽሩን ከራሷ አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እኔን ሂጂ ብለሽ፣ እሳቸውን አይሂዱ አልሻቸው?»

ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ትዝ ይልሻል?»

«ምኑ ይረሳል?»

«ለምን ለፖሊሱ አልነገርሽውም?»

«ፖሊሱ ምን ሊያደርግልኝ? የታጠፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ትነግሪዋለሽ ብዬ ግን ጠበቅኩ። አልነገርሽም። እሺ፣ ደንግጣ ነው አልኩ። ቤት ስንገባ ለኔ ትነግረኛለች አልኩ። እጄ ታስሮ ሾርባ ስታጎርሺኝ ዛሬ ትናገራለች፣ ጸጉሬን ስታጥቢኝ ዛሬ ትናገራለች እያልኩ...» አላለቀሰችም፤ ተናደደች። «የገረመኝ እጄ አይደለም። አራት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ እንጀራ መብላትሽ ነው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ።»

«አሁን አይደለም።» መነጽሩን አነሳችው። «አሁን ድምፁን መልሺ።»

ድምፁን መለስኩት። ኤክስፖርቱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ከታች መኪናዎቹን ታያለች። ሲያልቅ መጥታ ተቀመጠች። የፍሬቻው ቲክ ቲክ ተሰማ፤ ክላክሱ ተሰማ፤ ከዚያ የኔው ጩኸት ሳሎኑን ሞላው። ከወንበሯ ዘለለች፤ ግን መነጽሩን አላወለቀችም።

«እንደገና» አለች።

አራት ጊዜ አየችው። በአራተኛው ክላክሱ ሲጮህ ለራሷ፣ በዝግታ፣ «ይጩህ» ስትል ሰማኋት።

ለአንድ ሳምንት ያህል ከ«ወተት አልቋል» እና ከ«መብራቱን አጥፊ» ያለፈ ቃል አልተናገረችኝም። የይቅርታ ልመናዬን በጽሑፍ ትቼላት ወደ ሥራ ስሄድ ወረቀቱን አንብባ አጥፋ እዚያው ታስቀምጠዋለች። በዚያው ሳምንት ግን መነጽሩን በየቀኑ ታደርግ ነበር፤ ስመለስ ጀርባው ሞቆ አገኘዋለሁ። ሚያዝያ ላይ ከጋሼ ጋር ወጣች፣ እሳቸው እየነዱ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥታ ራሷ ነዳች፣ እሳቸው አጠገቧ ሆነው። እኔን «ከኋላ ተቀመጪ» አለችኝ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ያን መስቀለኛ ግን ወደ ግራ አትታጠፍበትም። ቀጥታ አልፋ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ እየዞረች እዚያው መንገድ ላይ ትወጣለች። ጋሼ አንድም ቀን አላረሟትም። ካስረከበቻቸው አዛውንቶች ሁለቱ ተመለሱላት።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች።

«ዛሬ በግራ ዞርኩ» አለች።

«የት?»

«እዚያው።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። «ማን ነበር አብሮሽ?»

«ማንም። የአንዲት አሮጊት መድኃኒት ሰዓት ደርሶ ዘግይቼ ነበር፤ ሦስቱን ቀኝ የምዞርበት ጊዜ አልነበረኝም። ቢጫ እስኪሆን ጠበቅኩ። ሁለት ሰው ክላክስ አደረገብኝ።» ፎጣውን ሰቀለችው። «እግሬ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ከፋኝ፤ ያን ሁሉ ሳምንት ፎቶ በፎቶ ስገልጥ እዚያ የምትታጠፍ ቀን አብሬያት የምሆን ይመስለኝ ነበር። ይህን አልነገርኳትም። «ጎበዝ» ብቻ አልኳት።

«እዚያ ቦታ ቀስት ሊያቆሙበት ይገባል» አለች ወንበር ስባ። «ለከተማው ማመልከቻ ይጻፋል አሉ፣ ኦንላይን። ጻፊልኝ፤ እንግሊዝኛው ያንቺ ይሻላል።»

እጄን ታጥቤ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቅጹ ላይ አደጋ ደርሶ ከሆነ እንዴት እንደደረሰ ግለጹ የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ዝናቡን ጻፍኩ፣ ከኋላ የጮኸውን ክላክስ ጻፍኩ፤ ተሳፋሪዋ መንገዱ ነጻ ነው አለች ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ እያነበበች ነበር።

«ተሳፋሪዋ ማን እንደሆነች አልጻፍሽም» አለች።

ጠቋሚውን ወደ ኋላ መልሼ ጻፍኩት።